ከባድ ማርሽ ገብቶ ቁልቁል የሸሸው ትራክተር፦ የአንድ ማሲ ፈርጉሰን 165 ካምቢዮ እንዴት እንደተለየ

የትራክተሩ ታሪክ

ጉዳዩ የደረሰው አርሲ ውስጥ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ ተዳፋት መሬት ላይ ስንዴና ገብስ በሚያመርት አነስተኛ የግል እርሻ ነው። ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን 165 ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተመረተ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንድ በላይ ዓይነት ካምቢዮ ተገጥሞለታል። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ የዚህ ጉዳይ ጣጣ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ባለቤቱ ትራክተሩን የገዛው ከሦስተኛ እጅ ነበር። የአጠቃቀም መጽሐፍ አልነበረውም። የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ሳህን ከዳሽቦርዱ ጋር አብሮ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ «ስድስት ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ ነው» ብሎ አስረከበ፤ ማርሹ ሲቆጠርም እንደዚያው ሆነ። ዋናው ማርሽ ሦስት ወደፊትና አንድ ወደኋላ አለው፣ ረዳት ማርሹ ደግሞ ፈጣንና ዝግተኛ።

ኦፕሬተሩ ልምድ ያለው ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት የነዳው ግን ኤምቲዜድ 80 ነበር፤ በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ ይገጣጠም ከነበረው የቤላሩስ ትራክተር ወገን። ኤምቲዜድ 80 ዘጠኝ ወደፊትና ሁለት ወደኋላ ማርሽ አለው፤ በመቀነሻው ደግሞ ወደ 18 እና 4 ይበዛል። ማርሹ ቢበዛም ጠባዩ አንድ ነው፤ ማርሽ ከገባና ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሩና ጎማው የተሳሰሩ ናቸው። ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ሲቀነስ ሞተሩ ትራክተሩን ይይዘዋል። ኦፕሬተሩ አዲሱንም ትራክተር የያዘው በዚህ እምነት ነው።

የደረሰው ችግር

በመኸር ወቅት፣ 40 ኩንታል ስንዴ የጫነ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ይዞ ከማሳ ወደ መጋዘን እየወረደ ነበር። ደንቡን አልሳተም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቆሞ ረዳቱን ዝግተኛ ላይ፣ ዋናውን 3ኛ ላይ አድርጎ ጉዞ ጀመረ፤ የእጅ ናፍጣውንም ቀነሰ። ትራክተሩ ግን ፍጥነት እየጨመረ ሄደ። ኦፕሬተሩ ሁለቱንም የፍሬን ፔዳል ረግጦ መሪውን ወደ ታረሰ ማሳ አዞረና ለስላሳው አፈር አቆመው። ሰው አልተጎዳም፤ የተሳቢው መጎተቻ ፒን ተጣሟል።

ከኦፕሬተሩ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ተመዝግቧል፤ ኋላ ላይ ሁሉንም የፈቱት እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ትራክተሩ ሲሸሽ ሞተሩ አልጮኸም፤ ማርሽ ያልገባ ይመስል በዝቅተኛ ዙር ቀስ ብሎ ይሠራ ነበር። ሁለተኛ፣ ከቆመ በኋላ የማርሹ ዘንግ ሲታይ 3ኛ ላይ እንዳለ ነበር።

በመጀመሪያ የተሞከረው

ከተማ ባለ ጋራዥ ሁለት ግምት ቀረበ፤ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፣ ወይም ማርሹ በራሱ ይወጣል። ትራክተሩ ለሁለት ተከፍሎ የፍሪሲዮን ዲስኩ ተቀየረ። ማርሹን በቦታው የሚይዙት ስፕሪንጎች በአዲስ ተተኩ፣ ፍሬኑም ተስተካከለ። ሙከራው ያለ ጭነት በሜዳ ላይ ተደረገና ትራክተሩ ተመለሰ። በመጀመሪያው ቁልቁለት ችግሩ እንደነበረ ተገኘ፤ ልዩነቱ ፍሬኑ ስለጠበቀ ቶሎ መቆሙ ብቻ ነው።

ሁለቱም ግምቶች አንድ ብሎን ሳይፈታ ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ፍሪሲዮን የሚያንሸራትት ትራክተር መጀመሪያ የሚታወቀው ሽቅብና እርሻ ላይ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይዘገያል፣ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ይህኛው ግን ማረሻ ይዞ ያለ ምንም እንከን ይጎትት ነበር። ማርሽ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ራሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የዚህኛው አልተመለሰም። ወደፊት በደንብ የሚያስተላልፍ፣ ወደኋላ ግን የማይዝ አካል መሐል ላይ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠባይ ከብልሽት ይልቅ የካምቢዮው ዓይነት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከመክፈት በፊት ካምቢዮው ምን እንደሆነ ማወቅ ተገቢ ነበር።

ካምቢዮውን መለየት

ሁለተኛው ምርመራ የተጀመረው ሞተር ጠፍቶ፣ ሜዳ ላይ፣ ጎማዎች በታኮ ተይዘው ነው። የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱን ማንሻ፣ ፔዳልና ዘንግ አንድ በአንድ መዘርዘርና የእያንዳንዱን ሥራ ማረጋገጥ ነበር። ይህን ዝርዝር በወረቀት ላይ መያዝ ይጠቅማል። «ምን እንደሚሠራ አይታወቅም» የሚባል አንድ ማንሻ እንኳ ከተረፈ ምርመራው አላለቀም።

በ165 ላይ ካምቢዮውን ለመለየት የሚቆጠረው ዋናው ማርሽ ነው። ረዳት ማርሹ በሁሉም ዘንድ ሁለት ደረጃ አለው፤ ዝግተኛው ፍጥነቱን ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ያወርደዋል። ዋናው አራት ወደፊትና አንድ ወደኋላ ካለው በሁለት ተባዝቶ ባለ 8 እና 2 ካምቢዮ ነው። ሦስት ወደፊትና አንድ ወደኋላ ካለው ግን ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ወይ ተራው ባለ 6 እና 2 ነው፣ ወይ ደግሞ መልቲ ፓወር የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ያለበት ባለ 12 እና 4 ነው። በእግሮች መካከል ያሉት ዘንጎች በሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱን የሚናገረው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመሪው ሥር ያለች ትንሽ ማንሻ ናት።

ይህ ትራክተር ያቺ ማንሻ ያለው አይመስልም ነበር። ዳሽቦርዱ በላምባና በጨርቅ ሲጠረግ ግን አንድ ጣት የምታህል የተሰበረ የብረት ጉማጅ ተገኘች። በአጥር ሽቦ ሦስት ዙር ተጠምጥማ ከዳሽቦርዱ ማቀፊያ ጋር ተጠፍራለች። ግራጫው ቀለም በሽቦው ላይ ጭምር አልፏል፤ የብሩሹ ፈለግ በጥምጥሙ ላይ ይታይ ነበር። ይህም ማንሻዋ የታሰረችው ትራክተሩ ለሽያጭ ከመቀባቱ በፊት መሆኑን ያሳያል። በባትሪ መብራት እየታየ ከጉማጇ ጀርባ የሚነሳው ዘንግ በእጅ ተዳሰሰ፤ ወርዶ ካምቢዮው ጎን ላይ ካለ የዘይት ቫልቭ ጋር ይገናኛል። ሳህኑን ሳያነቡም ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ትራክተሩ መልቲ ፓወር አለው፣ ሎው በሚባለው ዝግተኛ ደረጃው ላይም ታስሯል።

የግፊያ ሙከራው ይህንኑ አጸና። ሞተር ጠፍቶ፣ ወደፊት ማርሽ ገብቶ፣ ታኮው ተነስቶ ሁለት ሰው ከኋላ ሲገፋው ትራክተሩ ማርሽ እንዳልገባለት ወደፊት ተንከባለለ። ከፊት ለፊት ወደኋላ ሲገፋ ግን የሞተሩ እምቅታ (ኮምፕሬሽን) ያዘውና ቆመ። የመልቲ ፓወር ፊርማ ይህ ነው። ተራ ካምቢዮ በሁለቱም አቅጣጫ ይይዛል፤ ፍሪሲዮኑ ያለቀ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ሊለቅ ይችላል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ውስጡ የአንድ አቅጣጫ መያዣ አለ።

መልቲ ፓወር ውስጡ ምንድን ነው

ክፍሉ ከዋናው ማርሽ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ሲሆን ኃይል የሚያልፍበት ሁለት መንገድ አለው። ሎው ላይ ኃይሉ የሚያልፈው በአንድ አቅጣጫ መያዣ በኩል ነው። ይህ መያዣ እንደ ብስክሌት የኋላ ጎማ ነው፤ ፔዳል ሲረገጥ ጎማውን ይነዳል፣ ፔዳሉ ሲቆም ግን ጎማው ለብቻው ይሽከረከራል። ስለዚህ ሎው ላይ ሞተሩ ጎማውን ይነዳል፣ ጎማው ግን ሞተሩን አይነዳም። ናፍጣ ሲቀነስ የሚይዝ ነገር የለም።

ማንሻዋ ሃይ ላይ ስትሆን ፓምፕ የሚያመነጨው የዘይት ግፊት በዘይት ውስጥ የተነከሩ ዲስኮችን ይጨብጥና ሁለተኛውን፣ ፈጣኑን መንገድ ያስራል። ፍጥነቱ ወደ 30 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከሎው ወደ ሃይ ለመሄድም ፍሪሲዮን መርገጥ አያስፈልግም። የዲስኮቹ ጭብጥ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሆነ ሃይ ላይ ሞተሩ ቁልቁለት ይይዛል።

ከዚህ የሚመጣው ውጤት ከለመድነው ጋር ይጋጫል። ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ ውረድ የሚለው ትምህርት እዚህም ትክክል ነው፤ ግን ከባድነቱ ከዋናው ማርሽና ከረዳቱ መምጣት አለበት። መልቲ ፓወሩ ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ ሃይ ነው። በረዳት ማርሹም በመልቲ ፓወሩም ላይ ሃይ እና ሎው የሚሉት ቃላት መደገማቸው ግራ መጋባቱን ያብሰዋል። ስለ አንዱ የተሰጠ ምክር በቀላሉ ወደ ሌላው ይተረጎማል።

ማንሻዋ ለምን እንደታሰረችም ከአሠራሩ ይታወቃል። የሃይ ዲስኮች ሲያልቁ ወይም ግፊቱ ሲወርድ ሃይ አይጨብጥም፣ ፍጥነትም አይጨምርም፤ ሎው ላይ ግን እንደ አዲስ ይጎትታል። ቀላሉ መላ ሎው ላይ አስሮ መሥራት ነው። ማረሻ ላይ ምንም አይጎድልም፣ ጉድለቱ የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው። ይህን ለገዢ ሳይናገሩ መሸጥ ግን ሰው የሚገድል ነገርን ደብቆ መሸጥ ነው።

ጥገናው

ሽቦው ተቆርጦ ማንሻዋ ተበየደች። ከዚያ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በጠንካራ ድጋፍ ላይ ተነስተው፣ የፊቶቹ በታኮ ተይዘው፣ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ በእኩል የሞተር ዙርና በእኩል ጊዜ ተቆጠረ። ሎው ላይ 30 ዙር፣ ሃይ ላይም 30 ዙር። ሃይ ጨርሶ አይጨብጥም።

ቀጥሎ የታየው ዘይቱ ነው፤ ዲስክ ከማዘዝ በፊት መታየት ያለበትም እሱ ነው። በዚህ ትራክተር ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ማረሻ የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ዘይት ይጋራሉ። የተቀዳው 140 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ነበር። ይህ ለተራ ጥርስ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለመልቲ ፓወር ግን ከመጠን በላይ ወፍራም ነው። በአርሲ ብርድ ማለዳ ላይ ፓምፑ ሊመጠው ይቸገራል፣ ዲስኮቹም ቶሎ አይጨብጡም። የመምጠጫው ወንፊት ሲወጣ በብረት ብናኝና ከዲስክ በተፋቀ ጥቁር ጭቃ ተደፍኖ ተገኘ። ዘይቱ ሥራ ሠርቶ ሙቅ እንዳለ ተንቆረቆረ፣ ወንፊቱ በናፍጣ ታጠበ፣ ለትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ በጋራ የሚሠራው ዘይት እስከ መለኪያው ምልክት ተሞላ።

ቆጠራው ሲደገም ሎው ላይ 30፣ ሃይ ላይ 39 ሆነ። ማረሻ የሚያነሱት የኋላ ክንዶችም ፈጥነው መነሳት ጀመሩ፤ ያው የሚጠጡት አንድ ዘይት ስለሆነ። ደስታው ግን አልቆየም። ትራክተሩ ማረሻ ይዞ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ ሲሞቅ ሃይ ማንሸራተት ጀመረ። የግፊት መለኪያ ሲገጠም ቀዝቃዛ ሳለ ያለው ግፊት ሲሞቅ ክፉኛ ይወርድ ነበር። ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ባረጀ ማኅተም (ዘይት እንዳያልፍ በሚዘጋው ጎማ) በኩል ያፈሳል ማለት ነው።

ሁለት አማራጭ ነበር። አንዱ የአንድ አቅጣጫ መያዣውን በድፍን መያዣ ተክቶ ካምቢዮውን ተራ ባለ 6 እና 2 ማድረግ ነው። ይህ ሲደረግ ወደ ዲስኮቹ የሚሄደው ዘይት ፈጽሞ መቋረጥ አለበት፤ ካልሆነ አንድ ቀን ሁለቱም መንገዶች አብረው ይታሰሩና ጥርስ ይሰበራል። ሁለተኛው ዲስኮቹንና ማኅተሞቹን ማደስ ነው። ለሁለቱም ትራክተሩ ይከፈላል፣ ካምቢዮውም ይወርዳል። ባለቤቱ መለዋወጫው ስለተገኘ ማደሱን መረጠ።

ሲከፈት የዲስኮቹ ልባስ እስከ ብረቱ አልቋል፤ የፒስተኑ ላስቲክ ማኅተም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የአንድ አቅጣጫ መያዣው ደህና ነበር። አዲሶቹ ዲስኮች ከመገጠማቸው በፊት በዚያው ዘይት ውስጥ አደሩ፤ በደረቁ የተገጠመ ዲስክ በመጀመሪያው ጭብጥ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ተሠራ። ዘይቱ ከዘንጉ ወደ ዲስኮቹ ቤት በሚያልፍበት ቦታ ያሉት የማኅተም ቀለበቶች «ደህና ይመስላሉ» ተብለው ሳይቀየሩ ቀሩ፣ በኮምፕሬሰር አየር መሞከሩም ተዘለለ። ተገጥሞ ሲሞቅ ግፊቱ እንደገና ወረደ። ትራክተሩ ሁለተኛ ተከፈተ። ቀለበቶቹ ተቀይረው፣ ቤቱ ሳይዘጋ በዘይት መግቢያው ቀዳዳ አየር ሲነፋ ፒስተኑ ተንቀሳቅሶ ዲስኮቹን ጨበጠ፤ አየሩም ሳይፈስ ቆመ። ይህ ሙከራ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ መዝለሉ ግን ሦስት ቀን አስከፈለ።

ከጥገናው በኋላ

በዚያው ቁልቁለት መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ግማሽ ጭነት ባለው ተሳቢ ተሞከረ። መልቲ ፓወር ሃይ፣ ረዳት ዝግተኛ፣ ዋናው 2ኛ ሆኖ ናፍጣ ሲቀነስ ሞተሩ ያዘ። ተሳቢው አሁንም ፍሬን ስለሌለው ቁልቁለት ላይ ከ20 ኩንታል በላይ እንዳይጫን ተወሰነ።

ሳይለወጥ የቀረው የኦፕሬተሩ እጅ ነበር። ፍጥነቱ የበዛ ሲመስለው ማንሻዋን ወደ ሎው ይስብ ነበር፤ ዝቅ ማድረግ መቀነስ ነው የሚለው ልማድ በአንድ ቀን ማብራሪያ አይለቅም። መጨረሻ ላይ ከማንሻዋ አጠገብ በቀይ ቀለም «ቁልቁለት = ሃይ» ተብሎ ተጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም። ሌላም የተነገረው አለ። የሃይ ጭብጥ የሚቆየው ፓምፑ እስከሠራ ብቻ ነው። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ቢጠፋ ግፊቱ ይወድቃል፣ ትራክተሩም በዚያው ቅጽበት ነጻ ይሆናል። ስለዚህ ወደ መንገድ ሲወጣ ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎች በመቆለፊያቸው ይያያዛሉ፤ ሲቆም ማርሽ ማስገባት በቂ አይደለም፣ የእጅ ፍሬንና ታኮ ግዴታ ነው።

በምርመራው ወቅት ሌላም የተነካካ ነገር ተገኝቷል። ረዳት ማርሹ ዜሮ ላይ ካልሆነ ሞተር እንዳይነሳ የሚከለክለው መቆጣጠሪያ በሽቦ ተዘልሏል። ወደ ቦታው ተመልሷል።

ለሌላ ትራክተር የሚያገለግለው

ጠባዩ የማሲ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በሱፐር ኤም ቲኤ ትራክተር ላይ የወጣው፣ ቶርክ አምፕሊፋየር የሚባለው የኢንተርናሽናል ተመሳሳይ ክፍልም በዝግተኛው ደረጃ እንደዚሁ ቁልቁለት አይዝም። በተቃራኒው አንዳንዱ ማንሻ ሲታይ ተመሳሳይ ሆኖ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የፎርድ ሴሌክት ኦ ስፒድ አሥሩንም ወደፊት ማርሽ ከመሪው አጠገብ ባለች አንዲት ማንሻ ይቀይራል፤ በእግሮች መካከል የማርሽ ዘንግ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማንሻዎቹ ስንት ናቸው፣ እያንዳንዱስ ስንት ቦታ አለው የሚለው ነው። ከዚያ የማይታወቀውን ማንሻ ዘንግ እስከ ጫፉ መከተል። ጫፉ ዘይት ቫልቭ ላይ ከደረሰ ካምቢዮው ውስጥ በግፊት የሚጨበጥ ክፍል አለ፤ የዘይቱ ዓይነትም ሌላ ነው።

አሮጌ ትራክተር ሊገዛ የሄደ ሰው የግፊያ ሙከራውን ገንዘብ ሳይከፍል ሊያደርገው ይችላል፤ ሜዳ መሬትና ሁለት ሰው ይበቃል። መልቲ ፓወር መሆኑ ከታወቀ ሃይ የሚፈተነው ትራክተሩ ጭነት ይዞ ከሞቀ በኋላ ነው፤ በብርድ ደህና የነበረው በሙቀት ሊከዳ እንደሚችል እዚህ ታይቷል።

ባለቤቱ ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ነገር አስታወሰ። ከገዛው ጀምሮ ባትሪ ሲደክም ሰው ሰብስቦ ቢያስገፋው አንድም ቀን ተነስቶለት አያውቅም፤ ጥፋቱንም ባትሪው ላይ ያደርግ ነበር። ወደፊት ሲገፋ ሎው ይለቃል፣ ሃይ ደግሞ ሞተር ሳይሠራ ግፊት የለውም፤ ሞተሩን የሚያዞር መንገድ አልነበረም። ከጥገናውም በኋላ በግፊያ አይነሳም። አሁን ባትሪው በየሳምንቱ ይታያል።